ሱዳን ያኖርነው ወንድሜ

ሒሳቡን አስቀድሜ ልናገር፤ ዋጋ ሳይጠይቅ ዕቃ የሚያገላብጥ ደንበኛ አልወድም። ይህ ነገር የወሰደብኝ አንድ ወንድም፣ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ውሸት ተሸክሞ መዞር፣ እና ባለፈው ዓመት ደግሞ ልጄ ፊቴን ሳታይ ያለፈችባቸው ዐሥራ አንድ ቀናት ናቸው። ገንዘብ አላወጣሁበትም ማለት ይቻላል። በገንዘብ ከታየ ርካሽ ነው።

መካኒሳ መንገድ ዳር አሮጌ በርና መስኮት እሸጣለሁ። የሰው ቤት ሲፈርስ በሩ እኔ ጋ ይመጣል፤ ሌላ ሰው ቤት ሲሠራ ከእኔ ጋ ይሄዳል። ጆንያ ተሸክሜ «ቁራሌው!» እያልኩ በየመንደሩ በመዞር ነው የጀመርኩት፤ ትምህርቴም እዚያው ላይ አለቀ። ሰው ከቤቱ ምን አውጥቶ እንደሚሸጥ፣ ምን ደግሞ ደብቆ እንደሚያስቀር ከደጃፍ ቆሜ ነው የተማርኩት። የምኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ፣ የዐሥር ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ እና እናቴ።

እናቴ ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች። ከሦስት ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምራለች። ምሳ በልታ ሳህኑ ሳይነሳ «ምሳ የለም እንዴ ዛሬ?» ትላለች። ባለቤቴን አንዳንድ ቀን እህቴ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የቤት አከራይ ታደርጋታለች። አንድ ነገር ግን አትረሳም። አመሻሽ ላይ ገበታ ሲቀርብ ቀና ብላ በሩን ታይና ትጠይቃለች፦

«ልጁ ገባ?»

ልጁ የሚባለው የበኩር ወንድሜ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁልጊዜም ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው።

«አልገባም እማዬ፤ ሱዳን ነው እኮ» እላታለሁ።

«እህ፣ ለካ ሱዳን ነው» ትልና ድርሻው እንዲቀመጥለት ታዛለች። ከገበታው ጥግ ተቆርሶ በሳህን ይቀመጣል። ፊቷን ስታዞር ትንሹ ልጄ ይበላዋል። ከአጎቱ መቅረት የተጠቀመ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ይህ ነገር እንዲህ ሆኖ ስንት ጊዜ ይቆይ ነበር፣ እኔ እንጃ። ሱዳን ግን አልረጋ አለ። አገሩ መታመስ ከጀመረ ቆይቷል፤ እናቴ ሰምታው አታውቅም ነበር፤ እኔም ስለሱ ዜና ሲመጣ ድምፁን እቀንስ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሁላችንም ሳሎን ተቀምጠን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚነድ ሕንፃና ጓዛቸውን ተሸክመው የሚሸሹ ሰዎች መጡ። ካርቱም የሚል ቃል ሰማች።

«ይሄ የት ነው?» አለች።

ውሸት ነውር ነው ብለን ያሳደግነው ልጅ፣ ትንሹ፣ «ሱዳን ነው እማማ» አላት።

እናቴ ብድግ አለች። ያለ ከዘራ ከተነሳች ዓመት ሆኗት ነበር። «ልጄ! ልጄ እኮ እዚያ ነው! ኧረ አውጡልኝ!» ብላ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደች፤ በእጇ መስታወቱን ነካችው፤ ሰው ከሰው መሀል የምትፈልግ ይመስል። እኔ ሪሞቱን አንስቼ ወደ ኳስ ቀየርኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስም አለች። ልጄ እሳት ውስጥ ሆኖ እንዴት እውጣለሁ ነው ነገሩ። ጠዋት ትረሳዋለች ብለን እንጠብቃለን፤ የልጅ ልጆቿን ስም ረስታ ይህን አልረሳ ትላለች። ጉትቻዋን አውልቃ በመሐረብ ቋጠረችና እጄ ውስጥ ከተተችው። «ሸጠህ ሰው ላክበት። ወንድምህ አይደለም እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?» አለችኝ። ሻይ በስኳር በጭንቅ ትጠጣለች፤ በቃ። በስድስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ክንዷን ይዛ ቆዳዋን ሳብ አድርጋ አየችና ወደ ጥግ ወሰደችኝ። «ሕመም የላትም አባት። ግን እንዲህ ከቀጠለች አትቆይም» አለችኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ልጄ ምሳ ይዛልኝ ሱቅ ትመጣለች፤ በሮቹ መሀል ተቀምጣም የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ያን ቀን ደብተሯን አልከፈተችም። የምሳ ዕቃውን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ አንድ የተነቀለ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ዋጋ እንዳትቀንሺኝ እንጂ ጠይቂ።»

«አጎቴ ሱዳን ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንተ ለምን አትፈራም?»

ምሳ ዕቃውን መክፈት ጀመርኩ። እሷ አልተወችኝም።

«ዜናውን አብረን ነው ያየነው። እማማ ስትጮህ አንተ ወደ ኳስ ቀየርከው። የክፍሌ ልጅ አጎቷ እዚያ አለ፤ አባቷ ከጦርነቱ ጀምሮ ስልክ ከጆሮው አይነቅልም ትላለች። አንተ አንድም ቀን አልደወልክም። ለመሆኑ ቁጥሩ አለህ?»

ሠላሳ ዓመት ደላላ ያልያዘኝን ሰው በዐሥራ አራት ዓመቷ ያዘችኝ።

«ስታድጊ እነግርሻለሁ» አልኳት።

«አንተ ስንት ዓመትህ ነበር ያኔ?»

«ዘጠኝ።»

«እኔ ዐሥራ አራት ነኝ።»

በዚህ መሀል አንድ ሰው መጥቶ የማድ ቤት መስኮት ጠየቀ። እንደዚያ ቀን ደንበኛ ያስደሰተኝ ጊዜ የለም። አንድ በአንድ አሳየሁት፤ የማይፈልገውን ሁሉ አሳየሁት። ልካቸውን ለካሁለት። ሰውዬው «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ልጄ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።

«ቀይ ሽብር የሚባል ሰምተሻል?» አልኳት።

«መጽሐፋችን ላይ አለ። አንድ አንቀጽ ነው። ፈተና ላይም መጥቶ ነበር።»

«ምን ብለው ጠየቋችሁ?»

«እውነት ወይም ሐሰት በሉ ብለው።»

«አንቺስ?»

«እውነት አልኩ። አገኘሁት።»

እንግዲህ ከዚያ ነው የጀመርኩት። እንዴት እንደሚጀመር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ ልጅን እንዲህ ያለ ነገር የሚያስተምሩበትን መንገድ አላውቅም። እንደ ዕቃ ነው የነገርኳት፤ ያየሁትን ብቻ፣ እንዳየሁት ቅደም ተከተል።

ያኔም መካኒሳ ነበርን። መካኒሳ ግማሹ እርሻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ላፍቶ በሙሉ ጤፍ ነው። አባቴ የአንድ ፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ነበር። ወንድሜ ተማሪ ነው፤ ማታ ማታ እየወጣ ወረቀት ይበትናል፤ እናቴ ታውቃለች፣ አባቴ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የቤት ለቤት አሰሳ ሲጀመር ከቤት ጠፋ። አክስቴ ጋ ነው ተባልኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት አባቴ የኩራዝ ጋዝ ልንገዛ እጄን ይዞ አወጣኝ።

መንገድ ዳር ሰው በዝቷል፤ ግን የሚቆም የለም። ሁሉም እያየ ያልፋል። ሦስት ልጆች ተጋድመዋል፤ ደረታቸው ላይ የተጻፈበት ወረቀት አለ። ማንበብ የጀመርኩበት ዓመት ነበር፤ «ቀይ» የሚለውን ቃል አነበብኩ። መሀል ላይ ያለው ወንድሜ ነበር። አንደኛው እግሩ ጫማ የለውም።

አባቴ እጄን ጨመቀው። ፊቱን ሳያዞር፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «አታውቀውም» አለኝ። «ቀጥ ብለህ ሂድ። አታውቀውም።»

ጠመንጃ የያዙት ጠባቂዎች የሚያዩት የሞቱትን አልነበረም፤ አላፊውን ነው። ያለቀሰ ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ከሆነ ቤቱ ይፈተሻል፤ ቤቱ ውስጥ ያለውም ይወሰዳል። አለፍን። ጋዙን ገዛን። ጠርሙሱን እኔ ያዝኩት። ስንመለስ በማሳው ዞረን በሌላ መንገድ ሄድን።

እናቴ በራችን ላይ ቆማ ነበር። አባቴ ከሩቅ ፈገግ ማለት ጀመረ። እንደዚያ ያለ ፈገግታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ፊቱ ላይ አላየሁም። «ልጁ ወጥቷል!» አላት ጠጋ ብሎ። «በመተማ አድርጎ ሱዳን ገብቷል። ያየው ሰው ነገረኝ።» እናቴ እልልታዋ እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተም ሰማህ?»

«ሰማሁ» አልኩ።

የመጀመሪያ ሽያጬ ያ ነው።

ልጄ ስታዳምጠኝ የደፉን ሚስማር በጣቷ ትነቀንቅ ነበር። መጠየቅ ጀመረች።

«ማን ገደለው?»

«የቀበሌው ጠባቂዎች።»

«ታውቋቸው ነበር?»

«አንዱን አውቀዋለሁ። የጨርቅ ኳስ ይሠራልኝ ነበር።»

«ታሰረ?»

«በዓመቱ እሱም ተገደለ። ማን እንደገደለው አላወቅንም። እናቱም ማልቀስ አልቻለችም።»

«ታዲያ መጥፎዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

«የተኮሰው መጥፎ ነው» አልኳት። «ያስተኮሰው ይብሳል። እኛ ደግሞ አልፈን ሄድን።»

«እናንተም መጥፎ ናችሁ ማለት ነው?»

«ብንቆም ሦስቱ አምስት ይሆኑ ነበር።»

አሰበችበት። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት። «እሺ፣ ይሄ ገብቶኛል» አለች። «ከዚያ በኋላስ? መንግሥት ተቀየረ። የሚፈትሽ ጠፋ። ያኔ ለምን አልነገራችኋትም?»

የፈራሁት ይህንን ነበር። የፊተኛውን ጠመንጃ አስገደደን ብዬ አልፋለሁ። ይሄኛው ላይ ጠመንጃ የለም።

መንግሥት ሲቀየር አባቴ መርዶ ሊነግራት ቆርጦ ነበር። የንስሐ አባቱን አማከረ፤ ሽማግሌ ተመረጠ፤ ቀን ተቆረጠ። በዚያው ሳምንት ሞቷል የተባለ የጎረቤት ልጅ ከሱዳን ወፍሮ፣ ሻንጣ ይዞ ከች አለ። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። እናቴ ሮጣ ሄዳ «ልጄንስ? ልጄን አላየኸውም?» አለችው። ልጁ ጨዋ ነው፤ እናት ፊት ቆሞ «አላየሁትም» ማለት ከበደው። «እዚያ ገዳሪፍ ላይ አንድ ጊዜ ያየሁት መሰለኝ» አላት። በደግነት ነው፤ በክፋት አይደለም። ሽማግሌዎቹ በዚያችው ቃል ተበተኑ። በዚያ ቀን በእናቴ ፊት ላይ የበራውን ተስፋ ማን ይውሰድባት?

ከጥቂት ዓመት በኋላ አባቴ ታሞ ሲተኛ «አንተ ንገራት፤ ሲመቻት ጠብቀህ» ብሎኝ ሞተ። እኔም ጠበቅኩ። የአባቴ ዐርባ ይውጣ አልኩ። ከዚያ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል ተባለ። ከዚያ ሠርጌ ደረሰ፤ ሙሽራ ለቅሶ ቤት አትገባም። ከዚያ ባለቤቴ አረገዘች። ከዚያ ክርስትና፣ ከዚያ ጾም፣ ከጾሙ በኋላ በዓል። መርዶ ለመንገር የሚመች ቀን ካላንደር ላይ ፈልጌ አጣሁ። መጨረሻ ላይ መርሳት ስትጀምር፣ እውነቱን ልናገር፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ልጄ ተነሳች። ልብሷን አራገፈች።

«ዋሽታችኋታል» አለች። «እኔንም ዋሽተኸኛል። ለትምህርት ቤት ስለ አጎቴ ድርሰት ጽፌ አጨብጭበውልኛል እኮ! በሱዳን የሚኖረው አጎቴ ብዬ!»

ምሳ ዕቃውን ሳትወስድ ሄደች። ዐሥራ አንዱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ማታውኑ ለባለቤቴ ነገርኳት። ዐሥራ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር እሷም የምታውቀው ሱዳኑን ብቻ ነበር። «እኔንም?» አለች። ከዚያ፣ በኋላ የማላመልጠውን የራሷን ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋ፣ «ይቺ ሴት በእናንተ ውሸት በረሃብ ልትሞት ነው። ንገሯትና እርሟን ታውጣ» አለች። ትንሹም ከእህቱ ሰምቶ አደረ።

መርዶ ብቻውን አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ ንጋት ላይ ይኬዳል፤ ድንኳን ይዘጋጃል። የእናቴ እድር አሁንም መካኒሳ ነው። ወደ እድሩ ጸሐፊ ስሄድ ልጄ ተከተለችኝ። አላናገረችኝም፤ ለእናቷ ግን «አብሬው ካልሄድኩ ቀጠሮ ያራዝማል» ብላታለች።

ጸሐፊው ጡረተኛ ነው፤ መዝገቡን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚይዘው።

«ማን ሞተብህ?»

«ወንድሜ።»

«እግዚአብሔር ያጥናህ። መቼ?»

«ትንሽ ቆይቷል።»

«ከሦስት ቀን ካለፈ እኮ ደንባችን…»

«አርባ ስምንት ዓመት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ። መጀመሪያ የቀለድኩበት መስሎት ነበር፤ ከዚያ ዓመቱን በጣቱ ወደ ኋላ ቆጠረና ገባው። «ያኔ ይህ እድር አልተቋቋመም» አለ።

«ሟቹም አቤቱታ አላቀረበም» አልኩት።

ልጄ ልትስቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከእኔ ጋር እንደማትነጋገር ትዝ ሲላት ፊቷን አዞረች። ጸሐፊው መነጽሩን መልሶ አደረገና መጻፍ ጀመረ። ደንቡን አልጣሰም። የሞተበት ቀን በሚለው ሥር መርዶው የሚነገርበትን ንጋት ጻፈ። በመዝገብ ደረጃ ወንድሜ የሞተው ባለፈው ዓመት ነው።

ሦስት ሆነው መጡ፤ የእናቴ የንስሐ አባት፣ ጸሐፊው እና የዱሮ ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት። አራት ፎቅ በደረጃ መውጣት መርዶም ቢሆን ቀላል አይደለም። በየፎቁ አረፉ። ሦስተኛው ላይ አባ ግድግዳ ተደግፈው «ሬሳ እኔ ልሆን ነው ልጄ» አሉ። ሰማይ ገና ሲገልጥ ነበር።

እናቴ ነቅታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ንጋት ላይ ሦስት ሽማግሌ ነጠላ አጣፍቶ ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ ሰው የፈለገውን ቢረሳ ይህን አይረሳም።

«ማን ሞተ?» አለች።

አባ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ። ዓለም ኃላፊ መሆኗን፣ ሁላችንም እንግዳ መሆናችንን። «አባ፣ ዙሪያውን አይዙሩብኝ» አለቻቸው። እሳቸው ወደ እኔ ተመለከቱ። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ባለቤቴና ትንሹ ከኋላዋ።

«እማዬ» አልኩ። «ልጅሽ ሱዳን አልሄደም። እዚሁ ነው የሞተው። ያኔ ነው፤ በቀይ ሽብር።»

«ማን አየው?»

«እኔና አባባ።»

«አባትህ አይቶታል?»

«አዎ። ጋዝ ልንገዛ የወጣን ቀን።»

አእምሮዋን እንደዚያን ቀን ጥርት ብሎ አላየሁትም። ከዚያ፣ «ጫማ አድርጎ ነበር?» አለችኝ።

«አንድ እግሩን።»

«ጠበበኝ እያለ ነበር እኮ። ሰፋ ይላል፣ አርገው አልኩት። እኔ ነኝ አርገው ያልኩት» አለችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጣለች።

ስለ ለቅሶው ብዙ አልጽፍም። በዚያ ዘመን ያልወጣ ድምፅ ነበር። አሮጊቷ ጎረቤት አብረዋት ተነሱ፤ የወንድሜን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ እያነሱ አስለቀሷት። በሩ ተከፈተና የኮንዶሚኒየሙ ሰው በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። አንዳቸውም ወንድሜን አያውቁትም። አንዷ ትንሹን ልጄን በደረጃው ላይ ይዛ ስትጠይቀው ሰማሁ።

«ማን ነው የሞተው የኔ ጌታ?»

«አጎቴ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዐሥራ ስምንት።»

«ውይ በሞትኩት! ገና ልጅ እኮ ነው!» ብላ ከእናቴ ባልተናነሰ አለቀሰች። ልክ ነበረች። አላረምኳትም።

ድንኳኑ ከሕንፃው ሥር ሦስት ቀን ቆመ። እናቴ እቤት ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ልጄ ከአጠገቧ አልተነሳችም፤ ውኃ ታጠጣታለች፣ ፊቷን ትጠርግላታለች። እኔ የድንኳኑ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ወደ ታች አቀርቅሬ ዋልኩ። ሰዎች ሐዘን ነው ብለው ዝም አሉኝ፤ እንቅልፍ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማምሻውን ወደ ቤት ስወጣ እናቴ ከንፍሮው በእፍኟ ወሰደች። አኘከች። ዋጠች። ባለቤቴ ከማድ ቤት በር ላይ ሆና በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። በሁለተኛው ቀን ሾርባ ጠጣች፤ በሦስተኛው እንጀራ በላች።

ድንኳኑ ሲነቀል ልጄ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ደህና አደርክ አባዬ» አለች። ሲቆጠር ዐሥራ አንደኛው ቀን ነበር። «አየህ? እውነቱ ሲነገራት በላች።»

«አየሁ» አልኳት። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ልቀማት አልፈለግኩም። አንድ ነገር አስተምሬያት ከሆነ ይህ ይሆናል ብዬም ትንሽ ደስ አለኝ።

አምስት ቀን በሰላም አለፈ። በስድስተኛው አመሻሽ ላይ ገበታ ቀረበ። እናቴ ቀና ብላ በሩን አየች።

«ልጁ ገባ?»

ማንም አልጎረሰም። ባለቤቴ ድስቱን ታያለች፤ ትንሹ እኔን። እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ ልጄ ቀደመችኝ። ከተቀመጠችበት ተነስታ የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እማማ፣ አጎቴ ሞቷል እኮ። ነግረንሻል። አልቅሰሻል። ድንኳን ተተክሎ ነበር።»

«ማን ነው የሞተው?» አለች እናቴ። «ልጄ? የኔ ልጅ? መቼ?»

እንደ አዲስ ነው። አንድም ያለፈ ነገር የለም። ማን አየው አለች፤ ነገርናት። አባቱ አይቶታል አለች፤ አዎ አልናት። ጫማ አድርጎ ነበር አለች። ልጄ ይህን ጥያቄ ስትሰማ እጇን ለቀቀች። ድንኳን የለም፣ አባ የሉም፣ ጎረቤት ደግሞ አንዴ አልቅሶ ወጥቶለታል፤ እኛ አራታችን ብቻ ነበርን ያን ሁሉ የያዝናት። ደክሟት እስክታሸልብ ድረስ አለቀሰች። በማግስቱ ምንም አልቀመሰችም። ለምን እንደማትበላ ስትጠየቅ አታውቅም፤ «ልቤን ከፍቶኛል» ብቻ ነው የምትለው። መርዶው ተረስቶ ሐዘኑ ቀርቷል።

ልጄ ቀኑን ሙሉ ከክፍሏ አልወጣችም። አመሻሽ ላይ ወጥታ ገበታ አቀረበች። ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እናቴ በሩን አየች።

«ልጁ ገባ?»

እኔ ልጄን አላየኋትም። ማየት ማስገደድ ይሆናል ብዬ ነው። ሳህኑን እያየሁ ጠበቅኩ።

«አልገባም እማማ» አለች ልጄ።

«ሱዳን ነው?»

«የለም፣ ከሱዳን ወጥቷል። ጦርነት አለ ብለው ቀድመው አወጧቸው። ጎንደር ደርሷል።»

«ጎንደር?»

«አዎ። መንገድ ተዘግቶ ነው የቆየው። ሲከፈት ይመጣል።»

እናቴ ይህን አሰበችበት። «ጎንደር ከሆነስ ምን አለ» አለች። «አገሩ ነው። አያጣም።» እጇን ዘርግታ ጎረሰች።

አባቴ ሱዳን ነው ያስቀመጠው፤ እሱ በሚያውቀው ያ ደህና ቦታ ነበር። እሷ ከዚያ አወጣችው፤ ያውም ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ «ሰማሁ» ያልኩበት ድምፅ ነበር። ከአባቴ ቤት ከመጣው ዕቃ ሁሉ ለሷ እንዲተላለፍ ያልፈለግኩት ይህንን ነበር።

ሳህን ልታነሳ ማድ ቤት ስትገባ ተከተልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጥባለች።

«ምንም እንዳትለኝ» አለች።

ሳህኑን እየተቀበልኩ አደረቅኩ። ትንሹ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ጎንደር እስከ መቼ ነው የሚቆየው?» አለ።

«መንገዱ እስኪከፈት» አለችው እህቱ።

«ከተከፈተስ?»

«እንጃ» አለች። «ያኔ እናስባለን።»

ይህን ስጽፍ ልጁ አሁንም ጎንደር ነው። እናቴ ትበላለች። በቤታችን እውነቱን የምናውቅ አራት ነን፤ የምንዋሽም አራት ነን።